የትንኟን ቀለብ ሲመረምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር አንድሪው ስፒልማን (1930–2006)

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሳይጨርስ ካፖርቱን ማውለቅ ይጀምራል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሆኖም በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራት፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር ያለችው ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ለረጅም ዘመን የወባ ድንበር ተደርጎ ሲቆጠር የኖረው የ2,000 ሜትር መስመር በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ያልፋል ማለት ነው። የወሎ ሰው ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር አላስፈለገውም። ቆላ ወርዶ አርሶ፣ ሲመሽ ደጋ ወጥቶ ያድር የነበረው ንዳድን ፈርቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ኮራዴቲ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪም የወሎንና የየጁን ወባ አጥንቶ ጽፏል።

ይሁንና ከፍታ ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። በአንድ ከፍታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ዝናብ እየዘነበባቸው፣ ጎን ለጎን ከሚገኙ ሁለት ቀበሌዎች አንዱ በወባ አልጋ ሲይዝ ሌላው በደህና የሚከርምበት ጊዜ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ትንኟ ገና ውሃ ውስጥ እጭ ሳለች የበላችው ነገር ሊሆን እንደሚችል ያሳየው ጥናት የተካሄደው በዚሁ በእኛው አገር ነው፤ ከማስረጃዎቹ አንዱም የተገኘው በአማራ ክልል ነው። ከጥናቱ ጀርባ የነበሩት ሰው በትንኝና በመዥገር ምርምር ዓለም ስማቸው የገነነው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አንድሪው ስፒልማን ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሕዝብ ጤና ሙያ ውስጥ ካሉት በስተቀር በአገራችን ስማቸውን የሚያነሳ ብዙ ሰው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፒልማን በ1930 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1952 ከኮሎራዶ ኮሌጅ ካገኙ በኋላ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት አቀኑ። ጊዜው ለትንኝ ተመራማሪ የሚመረጥ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ ተአምር እየሠራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 ወባን ጨርሶ የማጥፋት ዘመቻ ሲያውጅ፣ ጥቂት የማይባሉ ምሁራን የትንኝ ጉዳይ በቅርቡ ይዘጋል ብለው አስበው ነበር። ሊጠፋ ነው ለተባለ ነፍሳት ወጣትነቱን የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም። ስፒልማን ግን ሰጡ።

የያዙት ጉዳይም እንግዳ ነበር። ሴት ትንኝ እንቁላል ለመጣል ደም መምጠጥ እንዳለባት የታወቀ ነው፤ በሽታ የምታስተላልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኪዩሌክስ ፒፒየንስ ከሚባለውና ከሰው ሠፈር ከማይርቀው የትንኝ ወገን ውስጥ ግን አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ዙር እንቁላል ደም ሳይቀምሱ ይጥላሉ። ለእንቁላሉ የሚያስፈልገውን ገንቢ ምግብ ከየት አመጡት ቢባል፣ እጭ ሳሉ ካጠራቀሙት ስንቅ ነው። ስፒልማን እነዚህን ትንኞች ከሌሎቹ ጋር እያዳቀሉ ባህሪው ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ መረመሩ። በ1956 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ውጤቱንም በዓመቱ አሳተሙ። ባህሪው በዘር ይወረሳል፤ ነገር ግን ዘሩ ያላት ትንኝ እንኳ በልጅነቷ ከተራበች ያለ ደም እንቁላል መጣሉ ይቸግራታል። የወጣቱ ተመራማሪ ትምህርት እዚህ ላይ ነበር። ማታ ጆሮአችን ሥር የምትጮኸው ትንኝ ስንቋን ቋጥራ የጨረሰችው ከሳምንት በፊት፣ በሆነ ኩሬ ውስጥ ነው።

ለጥቂት ጊዜ በአሜሪካ ባህር ኃይል ካገለገሉ በኋላ በ1959 ሃርቫርድ ገቡ። እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ ለ47 ዓመታት፣ ከዚያ አልወጡም። በ1966 ካሮል ዊሊያምስ ከተባሉት ዝነኛ የነፍሳት ተመራማሪ ጋር ሆነው፣ እጭን ወደ ጎልማሳነት እንዳታድግ የሚያግዳት ሆርሞን በሰው ሠራሽ መንገድ ተዘጋጅቶ ውሃ ውስጥ ሲጨመር የቢጫ ወባ ትንኝን እጮች እንደሚገድል አሳዩ። ሰውዬው ለጎልማሳዋ ትንኝ ብዙም ደንታ ያልነበራቸው ይመስላል፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ ውሃው ላይ ነበር።

እሳቸው ሃርቫርድ በገቡበት ሰሞን ኢትዮጵያ ከከባድ ሐዘን አልወጣችም ነበር። በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ከዚያ በፊት በሙከራ ደረጃ ዲዲቲ ከተረጨባቸው ሥፍራዎች አንዱ የወሎው የቆቦ ሜዳ ነበር። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ባለ ሻንጣው ረጪ በየገጠሩ የሚታወቅ ሰው ሆነ። ወባ ግን አልጠፋችም። ከጊዜ በኋላ ማጥፋት የሚለው ቃል ከድርጅቱ ስም ወጥቶ መቆጣጠር በሚለው ተተካ፤ በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። ትንኝ ከነመኖሪያዋ፣ ከነምግቧ ካልታወቀች አትሸነፍም የሚሉ እንደ ስፒልማን ያሉ ሰዎች ሰሚ ማግኘት የጀመሩትም ከዚህ በኋላ ነው።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ትንኝ ሳትሆን መዥገር ናት። ማሳቹሴትስ ግዛት ዳርቻ ናንታኬት የምትባል የባለጸጎች መዝናኛ ደሴት አለች። በ1969 በዚህች ደሴት አንዲት ሴት ባቤሲያ በተባለ፣ የወባ ጥገኛ ተሕዋስን በሚመስልና ቀይ የደም ሴልን በሚያጠቃ ተሕዋስ ታመሙ። በሽታው የከብት በሽታ ተብሎ የሚታወቅ ስለነበር ሐኪሞቹ ተደናገጡ። ቆየት ብሎ ሌሎች ታማሚዎች ተከተሉ። ስፒልማን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ደሴቲቱ ላይ ከአይጥ ጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲያስሱ፣ በሽታውን የምታስተላልፈው የጤፍ ፍሬ የምታክል፣ ዓይን ውስጥ የማትገባ ያላደገች መዥገር መሆኗን ደረሱበት። በ1979 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው መዥገሯን እንደ አዲስ ዝርያ መዝግበው፣ ጉስታቭ ዳሚን ለተባሉ የሃርቫርድ ሐኪም መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ኢክሶዴስ ዳሚኒ ብለው ሰየሟት። ላይም የሚባለውን፣ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያንን ያሳመመውን በሽታ የምታስተላልፈውም ይህችው መዥገር ሆና ተገኘች። (በ1993 ሌሎች ተመራማሪዎች መዥገሯ ቀድሞ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር አንድ ናት ብለው ስያሜውን ሰረዙት። ስፒልማን ግን በጽሑፎቻቸው ዳሚኒ ማለታቸውን አልተዉም። ግትር ነበሩ።)

የናንታኬት ታሪክ ከበቆሎ ጋር ምን አገናኘው ሊባል ይችላል። ያገናኘዋል። መዥገሯ ድሮም ነበረች፤ ታዲያ ለምን ያን ጊዜ በዛች? ስፒልማንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት መልስ አጋዘን ነው። ባለፉት ዘመናት በአደን ተመናምኖ የነበረው አጋዘን እርሻው ተትቶ ቁጥቋጦ ሲበቅል፣ አዳኝም ሲጠፋ፣ እንደ አሸዋ በዛ። ያደገች ሴት መዥገር ደም የምትጠግበው አጋዘን ላይ ነውና እሷም አብራ በዛች። በ1980ዎቹ ግሬት አይላንድ በተባለ ሥፍራ አጋዘኑ ሲወገድ ያላደጉት መዥገሮች ቁጥር በዓመታት ውስጥ ወረደ። እንግዲህ በሽታውን ያመጣው መሬቱን እንዲያ አድርጎ የለወጠው ሰው ነው። ተላላፊዋን ማን እየቀለባት ነው የሚለው ጥያቄ ከናንታኬት በኋላ ከስፒልማን ጋር ቀረ፤ ኢትዮጵያም ድረስ ተከትሏቸው መጣ።

በ1998 በምዕራብ ጎጃም ቡሬ ወረዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ወረዳው ለም ነው፤ ዝናብ አያጣም። በ1990ዎቹ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ፓኬጅ እጅግ የተሳካለት አካባቢም ነበር። በቆሎ ቀድሞ በጓሮ ተዘርቶ በእሸትነቱ የሚጠበስ፣ የክረምቱን ረሃብ የሚያሻግር ሰብል ነበር። ከምርምር ጣቢያ የወጣው ቢኤች 660 የተባለ ድቅል ዘር ሲመጣ ግን በቆሎ ከጓሮ ወጥቶ ሜዳውን ሞላው። ገበሬው ጠገበ፤ ተርፎትም ሸጠ። ይህ መቼም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም።

አዲሱ በቆሎ ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ዘግይቶ ይደርሳል። አሮጌው የጓሮ በቆሎ የሚያብበው ዝናቡ በሚያይልበት፣ ኩሬው ሁሉ በጎርፍ በሚታጠብበት ጊዜ ነው። አዲሱ ግን የሚያብበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጎርፉ ሲቆምና ፀሐይ ሲወጣ ነው። ይህ ወቅት አኖፊለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ዋነኛዋ የአገራችን የወባ ትንኝ የምትራባበት ነው። ትንኟ የምትወደው ትልቅ ሐይቅ ወይም የሚፈስ ወንዝ አይደለም። የከብት ኮቴ የተወውን ጉድጓድ፣ ቤት ለመምረግ ጭቃ የተቆፈረበትን ጎድጓዳ፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ያቆረ ውሃ ትመርጣለች። ጭቃው የሚቆፈረው ከቤት አጠገብ ነው። በቆሎውም የሚዘራው እስከ ቤቱ ጥግ ድረስ ነው።

እንዲህ ያለው ውሃ በተለምዶ ድሃ ነው። ደፍርሷል፤ ለእጮቹ የሚሆን ጥቃቅን ነገር እንደ ልብ አይገኝበትም። የአኖፊለስ እጭ ውሃው ላይ ተጋድማ፣ አፏ ላይ ባሉት ብሩሽ መሰል ፀጉሮች ከላይ የሚንሳፈፈውን እየጠረገች ነው የምትበላው። በቆሎ በበኩሉ ከአናቱ ላይ ከሚወጣው የወንዴ አበባ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ብናኝ ይለቃል። ብናኙ ነፋስ ከሚያዛምታቸው ብናኞች መካከል ትልቅና ከባድ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ሩቅ አይሄድም፤ አብዛኛው እዚያው ማሳው አጠገብ ይወድቃል። ኩሬው ላይ የወደቀው ይንሳፈፋል። ለእጯ ከሰማይ የወረደ መና ነው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በሃርቫርድ ከስፒልማን ጋር ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የማነ የዕብዮ፣ ከሪቻርድ ፖላክና ከስፒልማን ጋር በመሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ሜዳ ላይ ፈተኑት። በ2000 በታተመው ጽሑፋቸው፣ እጮቹ የበቆሎ ብናኝ በእርግጥም እንደሚበሉ፣ ብናኝ በሚበዛበት ውሃ ያደጉት ብናኝ ካጡት ይልቅ በብዛት ወደ ሙሽሬነት (በእጭና በጎልማሳ መካከል ወዳለው ደረጃ) እንደሚደርሱ፣ ፈጥነው እንደሚያድጉና አካላቸውም እንደሚገዝፍ አሳዩ። በ2003 ደግሞ ውሃው ቢደፈርስና እጮቹ ቢጨናነቁ እንኳ፣ በቆሎ አጠገብ ካሉ እንደሚያድጉ አረጋገጡ። በዚያው ዓመት ያወጡት ሌላ ጥናት እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ነው። በብናኙ ውስጥ እጮቹን የበለጠ እንዲበሉ የሚገፋፋ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ንጥረ ነገር ከባክቴሪያ ከሚሠራ የእጭ መግደያ ጋር ሲደባለቅ መርዙን ያበረታዋል፤ እጮቹ መርዙንም አብረው ይሰለቅጡታልና። ጠላትን በገዛ ምሳው መያዝ ማለት ይህ ነው።

ቀጣዩ የቡሬው ጥናት ነበር። በወባ መከላከል ሥራ የቆዩት አስናቀው ከበደ፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን፣ አንቶኒ ኪዜቭስኪና የማነ የዕብዮ የ1998ቱን ወረርሽኝ መዝገቦች ከበቆሎ እርሻው ስፋት ጋር አነጻጸሩ። በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በቆሎ በብዛት በሚታረስባቸው አካባቢዎች የታየው የወባ ሕመም በቆሎ አነስተኛ ከሆነባቸው በ9.5 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

የትንኟ መግዘፍ ለሰው ምኑ ነው? የትንኝ ጥናት ዋናው ስሌት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ትንኟ በሽተኛን ነክሳ የወባን ተሕዋስ ስትወስድ ወዲያው አታስተላልፍም፤ ተሕዋሱ ሆዷ ውስጥ አድጎ ምራቋ ውስጥ እስኪገባ መጠበቅ አለባት። ፋልሲፓረም ለተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት ይህ ጊዜ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ 12 ቀን ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ያህል ይሆናል። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ጨርሶ ያቆማል፤ ደሴን ያዳናት ይኸው ነው። ብዙዎቹ ትንኞች ቀኑ ሳይሞላ ይሞታሉ። አደገኛዋ ዕድሜ የሰጣት አሮጊቷ ናት።

አሁን ሁለት ዓይነት ትንኞች እናስብ። ከጠንካሮቹ በየቀኑ ከመቶ 90ው ተርፈው ያድራሉ፤ ከደካሞቹ 80ው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ከሺህ ጠንካሮች 280 ያህሉ፣ ከሺህ ደካሞች ደግሞ 70 ያህሉ 12ኛውን ቀን ያልፋሉ፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት፣ ኮምቦልቻን በመሰለ ወይና ደጋ ግን 28ኛውን ቀን የሚያልፉት ከጠንካሮቹ 52 ገደማ ሲሆኑ ከደካሞቹ 2 ብቻ ናቸው፤ ልዩነቱ 26 እጥፍ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የኮምቦልቻ ትንኞች ተቆጥረው የተገኙ አይደሉም። ስሌቱ የሚያሳየው ግን ወባ ከደጋው ጋር በምትዋሰንበት ጠርዝ ላይ የትንኟ የዕድሜ ጉዳይ ከቆላው ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ነው። በቆላ ደካማዋም ትንኝ ትበቃለች። ጠርዙ ላይ ግን በደንብ የተቀለበችው ብቻ ናት ለወግ የምትበቃው። ቡሬም ከዚህ ጠርዝ የራቀች አይደለችም።

የገዘፈች ትንኝ ብዙ ዕድሜ እንዳላት ደግሞ ሌላ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ፣ ብርቅነሽ አመነሸዋ፣ ከእንግሊዛዊው ሰርቪስ ጋር በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ አሳይተዋል፤ የተጠናችውም ይህችው የኢትዮጵያ አረቢየንሲስ ናት። ነገሩ ያለ ተቃራኒ ግን አይሄድም። በሌሎች ጥናቶች እንደታየው፣ በልጅነቷ ተርባ ያደገች ትንሽ አኖፊለስ የመጀመሪያ እንቁላሏን ለመጣል አንድ ደም አይበቃትም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መንከስ አለባት። ረሃብ ዕድሜዋን ያሳጥረዋል፤ ንክሻዋን ግን ያበዛዋል። ወጣቱ ስፒልማን በ1950ዎቹ በጆንስ ሆፕኪንስ ያዩት የስንቅ ጉዳይ በሌላ ፊቱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የቡሬው ቁጥርም ቢሆን ያለ ጥያቄ መታለፍ የለበትም። በቆሎ የሚበዛባቸው ቀበሌዎች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ፤ ዝቅ ያሉና የሞቁ፣ ውሃ የሚያቁሩ፣ የቀን ሠራተኛ ከቆላ የሚመጣባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በትግራይ በ1999 የታተመ ጥናት አነስተኛ ግድቦች አጠገብ ባሉ መንደሮች የሕፃናት ወባ ሰባት እጥፍ በልጦ እንደተገኘ አሳይቶ ነበር፤ ውሃው ራሱ ብዙ ያወራል። ስለዚህ በቆሎ ወባን አመጣ ብሎ መፍረድ የማይገባ ነው። ትክክለኛው አባባል ትንኝ ባለበት፣ ውሃ ባለበት፣ ሙቀቱም በበቃበት ቦታ በቆሎው ነገሩን ያባብሰዋል የሚለው ይመስለኛል። በቆሎ ዛሬ በአገራችን ከማናቸውም የእህል ዓይነት በላይ በኩንታል የሚመረት ነው፤ ተዉት ቢባል ማን ይሰማል? ማሳውን ከቤቱ ጥግ ትንሽ ማራቅ፣ የጭቃ ጉድጓዱን በቆሎው ከማበቡ በፊት መድፈን ግን ግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያው ቢነጋገሩ የማይቻል አይደለም። ችግሩ ሁለቱ የሚሠሩት በሁለት መሥሪያ ቤት ነው።

ስፒልማንም በዚሁ ነገር ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው። በ1989 ከኡሪ ኪትሮን ጋር በጻፉት ጽሑፍ በእስራኤል፣ በአሜሪካና በጣሊያን ወባ የተቀነሰችው ገና ዲዲቲ ሳይመጣ፣ ውሃ በማፋሰስና ኩሬ በመድፈን እንደነበር አስታውሰዋል። በኋላም በዳሬሰላም ከተማ የእጭ መራቢያዎችን ካርታ አውጥቶ የመቆጣጠር ሥራ ሲጀመር ካማከሩት አንዱ ነበሩ። በ2001 ከጋዜጠኛ ማይክል ዳንቶኒዮ ጋር ስለ ትንኝ ታሪክ ያሳተሙት መጽሐፍ ለተራው አንባቢ ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ዌስት ናይል ቫይረስ በ1999 ኒውዮርክ ከገባ በኋላ በተፈጠረው ድንጋጤ ብዙ ተነቧል። በተወለዱባት ከተማ ትንኝ ሰው ስትገድል ዓለም ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ።

ፕሮፌሰር ስፒልማን በታኅሣሥ ወር 2006፣ በ76 ዓመታቸው በቦስተን አረፉ። በሥራ ላይ እያሉ ነው የሞቱት፤ ጡረታ የሚባለውን አላዩትም።

የበቆሎው ምርምር አልቆመም። በ2017 ቤተልሔም ወንድወሰን የተባለች ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ እርጉዝ የሆነች አረቢየንሲስ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ስትመርጥ የበቆሎ ብናኝ ጠረን እንደሚስባት አሳዩ። ከፈተኗቸው የበቆሎ ዓይነቶች አንዱ ያው የቡሬው ቢኤች 660 ነው። እናቲቱ ቀለቡ ያለበትን ኩሬ ቀድማ ታሸታለች ማለት ነው። ጠረኑን በሰው ሠራሽ መንገድ አዘጋጅቶ እርጉዞቹን ወደ ወጥመድ መጥራት ይቻላል የሚል ተስፋም ከዚሁ ሥራ ወጥቷል።

በዚህ መሃል ሌላ እንግዳ መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በ2012 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2016 ደግሞ በእኛ አገር ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2018 በተካሄደ አሰሳ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲ ናት። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆናለች። ይህቺ ትንኝ የበቆሎ ማሳ አትፈልግም፤ የከተማ ልጅ ናት። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ነው። በእሷ ላይ በ2016 የታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ እጮቿ ምግብ ሲያንሳቸው ጎልማሳዎቹ ወባን የማስተላለፍ አቅማቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ለዚህም ጦርነቱ፣ የአየር ንብረቱና መድኃኒት የተላመደው ተሕዋስ ከስቴፈንሲ ጋር አብረው ይጠቀሳሉ።

ክዳኑ የተከፈተ ሮቶ ውስጥ ቅጠል ይገባል፤ አቧራ ይገባል፤ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው የጭነት መኪናም በዚያው ያልፋል።